ከሌቨል 4 እስከ ማስተርስ፦ ሀዋሳ ላይ ለሚሠራ ነርስ የማዕረግና የወረቀት መመሪያ

ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ወይም ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ለመሻገር ካሰቡ፣ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የትምህርት ማስረጃዎን፣ የሙያ ፈቃድዎንና የመጨረሻውን የምደባ ወይም የዕድገት ደብዳቤዎን። በየወረቀቱ ላይ የተጻፈልዎትን መጠሪያ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ አይስማሙም። ዲግሪው «ነርሲንግ» ይላል፣ ፈቃዱ ገና የዲፕሎማው ላይ ቆሟል፣ ደብዳቤው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ የሥራ መደብ ይጠራል። ደመወዝ የማይጨምረው፣ ዝውውር የሚጓተተው፣ የውጭ ማመልከቻ ተመላሽ የሚሆነው በአብዛኛው ከዚህ አለመስማማት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ቋንቋ ለማናገር ነው።

መጠሪያውን ማን ይሰጣል?

ዲግሪውን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። በሙያው የመሥራት ፈቃድ የሚሰጠው ጤና ቢሮው ወይም በሥሩ ያለው ተቆጣጣሪ አካል ነው። የሥራ መደቡን የሚሰጠው ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ ሲቀየር ሌላው በራሱ አይቀየርም፣ እያንዳንዱን ማስቀየር የእርስዎ ሥራ ነው።

አራተኛ ሰጪም አለ፣ ሕዝቡ። ጋዎን የለበሰች ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት፣ በጽሑፍም «ሲ/ር» ይባላል። ወንዱን ነርስ ታካሚው ወይ «ዶክተር» ይለዋል ወይ የሚጠራበት አጥቶ «ስማኝማ ወንድሜ» ይላል። ድሮ «ድሬሰር» እና «ጤና ረዳት» የሚባሉ ነበሩ፣ አዛውንቶች አሁንም ይጠቀሙበታል። «ማትሪን» ደግሞ የሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ ናት፣ ይህ የሹመት ስም እንጂ የትምህርት ደረጃ አይደለም። «ሲስተር»ን የመሰሉ የመከባበሪያ መጠሪያዎችን ሲቪ ላይ አያስገቧቸው።

የትምህርቱ መሰላል በአጭሩ እንዲህ ነው። ሌቨል 4፣ ማለትም የዲፕሎማው ደረጃ፣ በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ይረጋገጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ በመደበኛ አራት ዓመት ነው፣ ተመራቂው በልማድ «ኮምፕሪሄንሲቭ ነርስ» ይባላል። ማስተርስ ባብዛኛው ሁለት ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ፒኤችዲ ይቀጥላል። ወደ ማስተማር ለሚሄድ ሌላ መሰላል አለ፦ ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ማስተርስ ያለው መምህር በአብዛኛው ከሌክቸረር ይጀምራል። ሆስፒታል ውስጥ ግን «ሌክቸረር» የሚባል መደብ ስለሌለ ሁለቱን መሰላል አያደባልቁ።

1. ስምዎንና ቀንዎን መጀመሪያ ያስተካክሉ

ይህን ሥራ ወደ መጨረሻ የሚገፋው ብዙ ነው፣ የሚቆጨውም እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ማስረጃዎች ከስምንተኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል ካርድ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይደርድሩና የአያት ስምን ጨምሮ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ ያነጻጽሩ። «ጽጌ» የሚለውን ስም አንዱ ሬጅስትራር በእንግሊዝኛ ሲጽፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። አገር ውስጥ ማንም ግድ አይለው ይሆናል። ሰነድ አጣሪው ግን እንደ ሁለት ሰው ይቆጥርዎታል።

ማረሚያው ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ስህተቱ የጻፊው ከሆነ፣ ማለትም እርስዎ የሞሉት ፎርም ትክክል ሆኖ ማስረጃው ላይ ከተሳሳተ፣ ማስረጃውን የሰጠው ተቋም በማመልከቻ ያርመዋል። ስሙ ራሱ የተለወጠ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ውሳኔውን ሲያገኙ በቂ ቁጥር ያለው የተረጋገጠ ግልባጭ አንዴ ያስወጡ፣ በኋላ መዝገብ ቤት መመላለስ ቀን ይበላል። የፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው አጻጻፍ ከፓስፖርቱና ከዲግሪው ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ።

የቀን ስህተት የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 አካባቢ ባለው ጊዜ የፈረንጁን ዓመት ለማግኘት የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ጸሐፊ ኅዳር 2010 የተቀጠረን ሰው 2018 ያደርገዋል። ትክክለኛው 2017 ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ አንድ ዓመት የጎደለው እንዲህ ይሆናል፣ ሳይፈርሙ ይቁጠሩት።

ለሀዋሳ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው፣ የቀረው የደቡብ ክልል ደግሞ በ2015 መጨረሻ ተከፋፍሏል። ከዚያ በፊት ፈቃድ ወይም ሲኦሲ ያገኘ ሰው ወረቀት ላይ የሚታየው ማኅተም ዛሬ የሌለ ክልል ማኅተም ነው። ማስረጃው ዋጋ አያጣም። «ይረጋገጥልኝ» ብለው ደብዳቤ ከመላክዎ በፊት ግን ማህደርዎ የትኛው ቢሮ እንደሄደ በአካል ይጠይቁ። ጥያቄው ወደ ተሳሳተ ቢሮ ከሄደ «መዝገብ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል፣ ያም መልስ በማህደርዎ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሐሰተኛ ማስረጃ ያስጠረጥርዎታል።

2. ከሌቨል 4 ወደ ዲግሪ

ኮሌጁን ከመምረጥዎ በፊት ዕውቅናውን ያጣሩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ነርሲንግ ማስተማር ተፈቅዶለት ሀዋሳ ያለው ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት ሲያዩ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የካምፓሱን ስም፣ «ነርሲንግ» የሚለውን መስክና የሚያበቃበትን ቀን። «ነርሲንግ በርቀት እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይግቡ፣ ታካሚ የሌለበት የነርስ ሥልጠና የለም።

ቀጥሎ የተግባር ልምምድ ሆስፒታላቸው የት እንደሆነ ይጠይቁ፣ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈረመ ስምምነት መኖሩንም። ስምምነት የሌለው ኮሌጅ ተማሪ ዋርድ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፣ የልምምድ መዝገቡም ሳይፈረም ዓመቱ ያልቃል።

የመጀመሪያ ዲግሪ መውጫ ፈተና የተጀመረው በ2015 ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ለሚሠራ ሰው የፈተናው ችግር ሌላ ነው። ዋርድ ላይ ለአሥር ዓመት በእጁ የሚያደርገውን በወረቀት ሲጠየቅ «እኛ ጋር እንዲህ ነው የምናደርገው» ብሎ ይመልሳል። ፈተናው የሚጠይቀው መጽሐፉ ያለውን ነው። ጥናትዎን ከሚያውቁት ዋርድ ሳይሆን ብዙም ካልሠሩበት ይጀምሩ። ሕፃናት ክፍል የኖረ ሰው ሥነ አእምሮንና የማኅበረሰብ ጤናን ያስቀድም። የመድኃኒት መጠን ስሌትን ደግሞ በየቀኑ አንድ ሁለት ጥያቄ ይሥሩ። በልምድ የሚገመት ጠብታ ፈተና ላይ ነጥብ አያስገኝም።

3. የማስተርስ መስክ መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፣ የሚመርጡት ቃል ፈቃድዎ ላይ የሚጻፈው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጡት የነርሲንግ ማስተርስ መስኮች መካከል አደልት ሄልዝ (የአዋቂዎች ጤና)፣ የሕፃናት ጤና፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የእናቶችና ሥነ ተዋልዶ፣ ድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ይገኙበታል። በዚህ ዓመት የትኞቹ እንደተከፈቱ ከየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ማስታወቂያ ያረጋግጡ።

አብዛኛው ነርስ የሚቸገረው በነርሲንግ ማስተርስና በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ ማለትም በኤምፒኤች መካከል ነው። ኤምፒኤች በቅዳሜና እሁድ ሥራ ሳይለቁ ለመማር ይመቻል፣ ፕሮግራም አስተባባሪነትና ድርጅት ውስጥ መቀጠርንም ያቀላል። ነገር ግን የነርስ ስፔሻሊስት አያደርግዎትም። ዋርድ ላይ መቆየት የሚፈልግ ሰው ኤምፒኤች ይዞ ሲመለስ ሆስፒታሉ የሚያስቀምጥበት መደብ ያጣል። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን አልጋ አጠገብ የሚያዩ ከሆነ ነርሲንጉን ይያዙ፣ ቢሮ ውስጥ የሚያዩ ከሆነ ኤምፒኤች ያዋጣል። «ሁለቱንም በር ይከፍታል» ብሎ የሚመክርዎትን ሰው ራሱ በየትኛው በር እንደገባ ይጠይቁት።

አንስቴዥያ (ማደንዘዣ) እና ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) በአገራችን ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው፣ የየራሳቸው ዲግሪና ፈቃድ አላቸው። አሜሪካ ሁለቱም ከነርሲንግ በላይ የሚገነቡ የከፍተኛ ነርስ ዘርፎች ናቸው። ከሁለቱ ሌላ «ነርስ ፕራክቲሽነር» እና «ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት» የሚባሉም አሏቸው። ነርስ ፕራክቲሽነሯ መርምራ መድኃኒት ታዛለች፣ ያን ቦታ እኛ ጋር በአብዛኛው የሚሸፍነው ጤና መኮንኑ ነው። ስለዚህ የውጭ ዩቲዩብ አይተው «እኔም ማስተርሴን ስጨርስ ነርስ ፕራክቲሽነር እባላለሁ» ብለው አያቅዱ።

4. ማመልከቻው

መጀመሪያ የሰው ሀብት ክፍል ሄደው የሆስፒታሉን የመደብ መዋቅር ይጠይቁ፣ በመረጡት ስፔሻሊቲ የተፈቀደ መደብ አለ? ደረጃና ደመወዝ የሚሰጠው ለመደቡ ነው፣ መደቡን የሚይዘው ሰው በኋላ ይመጣል። መደብ በሌለበት የተማረ ሰው ማስተርስ ይዞ በዲግሪ ደመወዝ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ «ጋት»። ነርሲንግ አይጠይቅም፣ የሚለካው ንባብ፣ ቁጥርና አመክንዮ ነው። ነርሶች የሚወድቁት ባብዛኛው በቁጥሩ ነው። ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን የመቶኛ፣ የጥምርታና የአማካይ ስሌት ለስድስት ሳምንት በሰዓት ገድበው ይለማመዱ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ክፍሉ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል።

ትራንስክሪፕት ሁለት ዓይነት ነው። «ስቱደንት ኮፒ» ለማመልከት ይበቃል። «ኦፊሻል» የሚባለው ግን ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ታሽጎ የሚሄድ ነው። እርስዎ ከከፈቱት አበቃ፣ ፖስታውን በእጅ ቢሰጡዎትም እንኳ አይክፈቱት። ማስላኩን ማስታወቂያው ሳይወጣ ይጀምሩ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጸዳ ኦፊሻሉን አያስልክም። ከደመወዝዎ በየወሩ 10 በመቶ ሲቆረጥ ከርሞ ሊሆን ይችላል፣ መቆረጡ ግን ለገቢዎች መግባቱን አያረጋግጥም። ከየሠሩበት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ከመቼ እስከ መቼ፣ በወር ስንት እንደተቆረጠና በየትኛው ደረሰኝ ገቢ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዙ። ሦስት ወረዳ የዞረ ነርስ ሦስት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ይህ ብቻውን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከጋት ዝግጅት ጋር ጎን ለጎን ያስኪዱት።

የስፖንሰርሺፕ ውል ሲቀርብልዎ አምስት መስመር ፈልገው ያንብቡ፦ በትምህርት ላይ ሳሉ ደመወዝ ይከፈላል ወይ፣ ሲመለሱ ስንት ዓመት ያገለግላሉ፣ ውሉን ካፈረሱ የሚመልሱት ምንና ምንን ይጨምራል፣ ዋሱ ማን ነው፣ ትምህርቱ ስድስት ወር ቢራዘም ምን ይሆናል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ቲሲስ (የመመረቂያ ጥናት) መዘግየቱ ብርቅ አይደለም።

5. ቲሲስ፦ 384 እና 422

አንደኛው ዓመት ኮርስና ክሊኒክ ነው፣ ከሥራ ልምድ ጋር ብዙም አይከብድም። ሰው የሚሰነክለው ሁለተኛው ዓመት ነው።

የነርሲንግ ቲሲስ መደርደሪያ ፊት ቢቆሙ 422 ወይም 423 የሚል የናሙና መጠን ደጋግመው ያያሉ። ከየት እንደመጣ ይወቁት። 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 (ለሚፈቀደው የስህተት ወሰን) ካሬ ሲካፈል 384.16 ይሆናል፣ በልማድ 384 ይባላል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422። 0.5 (የሚጠበቀው ድርሻ) የሚገባው ስለ ጉዳዩ የቀደመ ጥናት ከሌለ ነው። በተመሳሳይ ቦታ የተሠራ ጥናት 32 በመቶ ካለ 0.32 እና 0.68 ያስገቡ፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 335 ይመጣል፣ ከ10 በመቶው ጋር 369። ዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት መከላከል) ላይ «ለምን 50?» ተብሎ ዝም ያለ ተማሪ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚጠናው ሕዝብ ትንሽ ሲሆን ማስተካከያውን መርሳት ነው። በመረጡት ሆስፒታል ያሉት ነርሶች 600 ቢሆኑ፣ 384 ለ1.64 ተካፍሎ (1 ሲደመር 384 ለ600) ወደ ላይ ሲጠጋጋ 235 ይሆናል። 10 በመቶው የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፣ 259። አስቀድሞ 422 አድርጎ ከዚያ የሚያስተካክል ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ ከመረጃ መሰብሰብ በፊት መያዝ አለበት። ቀኑ ወደ ኋላ አይጻፍም፣ ጆርናሎችም ቁጥሩንና ቀኑን ይጠይቃሉ። ታካሚ የሚጠየቅበት መጠይቅ ከሆነ ወደ አማርኛና ወደ ሲዳሙ አፎ ያስተርጉሙት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች የተለያዩበት ቦታ ላይ ጥያቄው ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ከናሙናው 5 በመቶ ያህል፣ ለ259 ሲሆን 13 ሰው፣ ጥናቱ በማይካሄድበት ሌላ ሆስፒታል ይሞክሩበት።

ነርሶችን የሚጠይቁ ከሆነ ሰዓቱን ይምረጡ። ጠዋት በርክክብ ላይ ያደሉት መጠይቅ የናይቷ ነርስ ኪስ ውስጥ ይገባና ከጋዎኑ ጋር ይታጠባል። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ታድሎ፣ ራውንድ አልቆ፣ ሰው ትንሽ ሲቀመጥ ይስጡና እዚያው ቆመው ይቀበሉ።

6. ከተመረቁ በኋላ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ፈቃድ ማሻሻል፣ ቀጥሎ የመደብ ጥያቄ። ብዙ ሰው ዲግሪውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ይሄድና «ፈቃድህ የታለ?» ተብሎ ይመለሳል። ለፈቃዱ አሮጌውን ፈቃድ፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ፎቶና የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ ይያዙ። የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ሰርተፊኬቶችንም ያካትቱ፣ ዕድሳት ሲደርስ ይፈለጋሉ። ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ፈቃዱን ከሰጠው ክልል የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ያስልካል። አዲሱ ፈቃድ ሲሰጥዎ መስኮቱን ሳይለቁ የስፔሻሊቲውን ስም ከዲግሪው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። «ኒዮናታል» (የጨቅላ ሕፃናት) ተመርቀው «ፔዲያትሪክ» (የሕፃናት) ተብሎ ከተጻፈ እዚያው ያስለውጡ።

7. ውጭ ለሚያስቡ

እንግሊዝ በአይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) የሚቀበሉት በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ያመጣውን ነው። ቀጥሎ በኮምፒውተር የሚሰጥና በተግባር የሚታይ ሁለት ፈተና አለ። አሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተናው ኤንክሌክስ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ነው፣ ኮምፒውተሩ እንደ መልስዎ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀላል። ለብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ዴታፍሎው የተባለ ሰነድ አጣሪ ድርጅት ማስረጃውን ከምንጩ ያጣራል፣ ማለትም የሀዋሳው ሬጅስትራር ለኢሜይል ካልመለሰ የእርስዎ ፋይል ይቆማል። ጥያቄው ሲላክ ሬጅስትራር ቢሮ በአካል ሄደው ይንገሯቸው።

በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ በአሜሪካ ልማድ ከስም በኋላ መጀመሪያ ከፍተኛው ዲግሪ፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬት ይጻፋል። ማስተርስ ካለ ቢኤስሲውን መደርደር አያስፈልግም። «አርኤን» (የተመዘገበ ነርስ) የሚለውን የሚጽፈው በዚያ አገር መዝገብ የተመዘገበ ነው፣ በሀዋሳ ፈቃድ አይጻፍም። «ዲኤንፒ» እና ፒኤችዲ ሁለቱም ዶክትሬት ናቸው፣ የመጀመሪያው ለክሊኒክ ሥራ፣ ሁለተኛው ለምርምር ነው። ፒኤችዲ ያለው ነርስ አልጋ አጠገብ ሲቆም «ዶ/ር እገሌ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ» ቢል ታካሚው ማን መድኃኒት እንዳዘዘለት አይምታታበትም።

በመጨረሻ የሚቀረው የካርድ ፊርማ ነው። በተመረቁበት ቀንና አዲሱ ፈቃድ እጅዎ በሚገባበት ቀን መካከል ሳምንታት አለፍ ሲልም ወራት አሉ። በዚያ ጊዜ ካርድ ላይ ሲፈርሙ፣ መድኃኒት ሰጥተው ሰዓቱን ሲጽፉ፣ ባጅ ሲያሠሩም፣ መጠሪያዎ አሮጌው ፈቃድ ላይ ያለው ነው።